የማክሰኞ ፈረስ

እኔ የጩኸት ሰው፣ በድምፄ የማድረው፣
"ስድስት ኪሎ ፒያሳ! አንድ ሰው ነው የቀረው!"
ከንጋት እስከ ማታ በር ላይ ተንጠልጥዬ፣
መንገደኛ ስጠራ፣ ና ግባ፣ ነይ ብዬ፣
ማታ ቤት ስደርስ ግን፣ የገዛ ልጄን ስም
ብጠራው ብጠራው፣ ዞሮ አይመልስም።
ቃለአብ አልነው፤ ቃል የለውም ልጁ፤
ከጆሮው አይወርድም ሁለቱም እጁ።

ጥሩምባ ሲነፋ፣ ብረት በር ሲዘጋ፣
ጎረቤት ሬዲዮ ሲከፍት ሲነጋ፣
ገላው ይሆናል ያረጀ ቆርቆሮ፣
የከተማው በረዶ የሚያርፍበት ዞሮ።
እናቱ አልማነሽ በብርድ ልብስ ትጠቀልለዋለች፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስኪያልፍ ትቆጥራለች።

"ስልክ ነው ያበላሸው" አለኝ ሹፌሬ፤
ስልኩንም ሸጥኩት፣ ጸበልም ወሰድኩት በእግሬ።
እዚያ ደግሞ የሚጮኸው በሽተኛ ብዛቱ!

ከዚያ አንዲት ነርስ፣ እስክሪብቶ ጸጉሯ ላይ ሰክታ፣
ጻፈችልኝ በቁራጭ ወረቀት፦
"ጃን ሜዳ። ማክሰኞ፣ ጠዋት አንድ ተኩል። ፈረስ አለ፣ በርታ።"
"ፈረስ?" ብዬ ሳቅሁ። ጃን ሜዳን የማውቀው
በኮሮና ጊዜ ነው፣ አትክልት ተራ ሆኖ፣ ጭቃው ጎማችንን ሲሰለቅጠው።

ጋሽ ሁንዴ ጋላቢ ነበር በወጣትነቱ፣
አሁን የማይታጠፍ ነው አንደኛው ጉልበቱ።
ሻሼ ትባላለች ባዝራዋ፣ ግንባሯ ሻሽ ያሰረ፣
ጀርባዋ ላይ የጋሪ ቁስል፣ በወጉ ያልሻረ።
"እሷም ስትመጣ" አለኝ፣ "ጥሩምባ ትፈራ ነበረ።"

የመጀመሪያው ቀን እኔ እንደ ልማዴ
"ና! ውጣ! ያዝ!" ብዬ ጮህኩኝ ከሆዴ።
ሻሼ ጆሮዋን አጠፈች፣ ልጄም ጆሮውን ደፈነ፣
በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ ጩኸት፤ ያኔ ነው ልቤ ያመነ
በረዶው እኔ እንደሆንኩ።
"አንተ ሰው" አለኝ ጋሽ ሁንዴ፣ ሳይቆጣ፣ ገለባ እያኘከ፣
"እስቲ ሞተሩን አጥፋው።"

አጠፋሁት።
አራት ማክሰኞ ሙሉ ልጄ ኮቴዋን ብቻ አየ፤
ጭራዋ ሲወዛወዝ ጣቱ አብሮ ይወዛወዝ ነበር፤
እኔ አጥሩን ተደግፌ ዝም።
ዝም ማለት እንዴት ያደክማል! ከመጮህ ይብስ ነበር።
በአምስተኛው፣ ምን እንደነካው እንጃ፣
አንድ እጁ ወረደ። አንዱ ብቻ። አንገቷ ላይ አረፈ።
እሷ ረጅም ተነፈሰች፣ እሱም ተከተላት፤
አንድ አምቡላንስ እየጮኸ በአጥሩ ማዶ አለፈ።
አልሰማም አልልም። ሰምቷል። ጣቶቹ ጋማዋ ውስጥ ጠበቁ፣
ግን ከዚያ አልራቁ።

ሰባተኛው ማክሰኞ ዘነበ፤ ሻሼ ታማ አልመጣችም፤
ልጄ ክንዴን ነከሰኝ፣ ምልክቷ ዛሬም አልጠፋችም።
ፈረስ መድኃኒት ነው ለሚለኝ ሰው ክንዴን አሳየዋለሁ።

በስምንተኛው ጀርባዋ ላይ ተኛ፣ ደረቱን አንገቷ ላይ ጥሎ፤
ጋሽ ሁንዴ እያነከሰ መራት፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ሜዳውን አካልሎ።
ሲመለስ እንዲህ አለኝ፦
"ድሮ ሰው በፈረሱ ነበር የሚጠራው፤
በስሙ እምቢ ካለህ፣ በፈረሱ ጥራው።"

በዚያ ምሽት፣ መብራት ጠፍቶ፣ አፌን በእጄ ጋርጄ፣
"አባ ሻሼ" አልኩት።
ዞረ ልጄ።
ዓይኑ እስከ ኮሌታዬ ቁልፍ መጣ፤ ከዚያ አላለፈም፤
እናቱ መቁጠር ጀምራ ነበር፤ አቆመች።

ሐሙስ በሩ ላይ ቆሜ፣ "ስድስት ኪሎ" እላለሁ በዝግታ፤
አንዲት ሴት ሳትሰማኝ ቀረች፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ።
"ምነው ድምፅህ?" አለ ሹፌሬ። "ገቢው ጎድሏል ከትናንት።"
"ሞተሩን አጥፍቼው ነው።"
አልገባውም። ሰደበኝ። ወደ ፒያሳ ነዳናት።